የፕላስተሩ ቀለም

(ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለንደን ውስጥ በወላጆች የንባብ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። አንዷ እህታችን በስልኳ ቀርጻው ስለነበር እንዳለ ገለበጥኩት። የተደጋገመውን አልነካሁም። ስናገር እንዲህ ነኝ።)

እንደምን አመሻችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ? እህ፣ አሁን ሰማሁ።

ከኋላ ያላችሁ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ምነው ወንዱ በዚያ ሴቱ በዚህ ሆናችሁ? ቤተ ክርስቲያን አደረጋችሁት እኮ! ስለ ተከፋፈለ ኅብረተሰብ ልናገር ብመጣ አዳራሹ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ። (ሳቅ)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ይህን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ ክብረት ይስጥልኝ። የተሰጠኝ ጊዜ ቡናው እስኪፈላ ነው። እንደምታውቁት እኔ ደራሲ አይደለሁም። ሃያሲም አይደለሁም። ትምህርት ቤት ውስጥ የመምህር ረዳት ነኝ። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይዛ የምትሮጠው እኔ ነኝ። ሳጥኗን ያነሳኋት በምክንያት ነው። ኋላ ትመጣለች።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛው ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ስለ አንድ ፕላስተር ነው። ሦስተኛውን እዚያ ስደርስ እናየዋለን፤ ድፍረቱን ካገኘሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንዲት ቃል ላንሳ። "ኖሮ።"

"ቢሆን ኖሮ።" እኛ በዚህች ቃል ስንት ሌሊት አንግተናል! ቡና ከበን "ዓድዋ ላይ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ" እንላለን። "የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ" እንላለን። አጎቴ ደግሞ "ያኔ ያችን ቦታ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ" ይላል። እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያችኑ ቦታ ሲገዛ ነው የኖረው። (ሳቅ) ሁላችንም ያልሆነ ታሪክ ደራሲዎች ነን ማለት ነው። ነገሩ ጥንታዊም ነው። ሊቪየስ የሚባል የሮም ታሪክ ጸሐፊ ከ2000 ዓመት በፊት "ታላቁ እስክንድር ወደ ምዕራብ ዞሮ ሮምን ወግቶ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ገጽ ከገጽ ሞልቷል። መልሱ ምን ይመስላችኋል? "እናሸንፈው ነበር።" ከሮማዊ ሌላ ምን ይጠበቃል? "ኖሮ" የምንለው ብዙውን ጊዜ ራሳችንን ልናስደስት ነው።

ዛሬ የማወራላችሁ መጽሐፍ ግን ማንንም ሊያስደስት አልተጻፈም።

መጽሐፉን ያመጣችው ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት። ቦርሳዋ ውስጥ አየሁትና ሽፋኑን አገላበጥኩት። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት። "እማ፣ ጥቁሮች ነጮችን የሚገዙበት ዓለም ነው" አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? "እሰይ!" ነው ያልኩት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ከእናንተም መሃል አሁን በልቡ "እሰይ" ያለ አለ። አይቻለሁ፣ ፈገግ ብላችኋል።

የመጽሐፉ ስም "ኖውትስ ኤንድ ክሮስስ" ነው። ደራሲዋ ማሎሪ ብላክማን ናት። እዚሁ ለንደን ተወለደች፤ ወላጆቿ ከባርቤዶስ የመጡ ናቸው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ስሙ የልጆች ጨዋታ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ዘጠኝ ሳጥን ተሰምሮ አንዱ ክብ፣ ሌላው የመስቀል ምልክት የሚያደርግበት። ሁለት የበሰሉ ልጆች ከተጫወቱት ማንም አያሸንፍም። ሁልጊዜ እኩል ነው የሚወጣው። እስቲ ዛሬ ማታ ሞክሩት።

በመጽሐፉ ዓለም ሁለት ዓይነት ሰው አለ። ክሮስ የሚባሉት ጥቁሮች ናቸው። ሥልጣኑም፣ ገንዘቡም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም የእነሱ ነው። ኖውት የሚባሉት ነጮች ናቸው። ኖውት ማለት ዜሮ ማለት ነው። አስቡት፣ የዘር ስምህ ዜሮ ነው! ቀድሞ ባሪያዎች ነበሩ። አሁን ነጻ ናችሁ ተብለዋል። ግን ጥሩ ትምህርት ቤት አይገቡም። ፖሊስ ካስቆመ እነሱን ያስቆማል። ባቡር ላይ አንደኛ ማዕረግ ቢቀመጡ "ትኬትህን አሳይ" ይባላሉ።

የምታናድደዋ ነገር ደግሞ ይህቺ ናት። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ ክሮስ ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ኖውት ሁልጊዜ በትንሽ። ገጽ በገጽ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እኛ በፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለን መጀመሪያ አላስተዋልኩትም ነበር። ልጄ ናት ያሳየችኝ። ደግነቱ "ሀ" ሁልጊዜ "ሀ" ናት። ግን አይዟችሁ፣ እኛም ማሳነሻ አላጣንም። "አንተ" እና "እርስዎ" አሉን። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ታሪኩ የሁለት ልጆች ነው። ሴፊ የክሮስ ልጅ ናት። አባቷ ትልቅ የመንግሥት ባለሥልጣን ነው። ካለም የኖውት ልጅ ነው። እናቱ ሜጊ በሴፊ ቤት ሠራተኛና ሞግዚት ነበረች። ልጆቹ አብረው ነው ያደጉት። አንድ ምሽት ሜጊ እመቤቷን ለማዳን ቶሎ መዋሸት ነበረባት። ዘገየች። በዚያች ቅጽበት መዘግየት የስንት ዓመት እንጀራዋ ተቆረጠ። ልጆቹ ግን በድብቅ ባሕር ዳርቻ ላይ መገናኘታቸውን አላቆሙም። ታሪኩ የሚነሳው እዚያ አሸዋ ላይ ነው። አንዱን ምዕራፍ ሴፊ ትናገራለች፣ ሌላውን ካለም። እየተቀባበሉ።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ማወቅ የሚፈልግ እጁን እንዳያወጣ። እኔ መጨረሻውን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። መውረጃዬን አልፌ ሦስት ፌርማታ ሄጃለሁ። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ መሀረብ ሰጠችኝ። ይህን ያህል ይበቃል።

ደራሲዋ ለምን እንዲህ ገለበጠችው? የራሷን ነገር ብዙ ጊዜ ተናግራለች። ተማሪ ሳለች የታሪክ መምህሯን "ስለ ጥቁር ሳይንቲስቶችና ፈልሳፊዎች ለምን አንማርም?" ብላ ጠየቀች። መልሱ "ስለሌሉ ነው" የሚል ነበር። ስለሌሉ ነው! እሺ ብላ ሄደች። ኮምፒውተር ተማረች፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ሠራች። መጻፍ ስትጀምር የመጀመሪያው መጽሐፏ እስኪታተም ድረስ 82 ጊዜ "አንፈልግም" የሚል ደብዳቤ ደርሷታል። 82! እኛ አንድ ማመልከቻ ሲመለስብን ስንት ሳምንት ነው የምናኮርፈው? በኋላ ይህቺው ሴት የእንግሊዝ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ሎሬት ሆነች፣ ከ2013 እስከ 2015። እና መጽሐፏ ውስጥ አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ አለ። መምህሩ ታላላቅ ፈልሳፊዎችን ይዘረዝራል። በሙሉ ጥቁሮች ናቸው። እሷ የፈጠረቻቸው እንዳይመስላችሁ፤ በእውነት የኖሩ ሰዎች ናቸው። "የሉም" ለተባለችው መልሷ እሱ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ከተማ የቆያችሁ ስቲቨን ላውረንስን ታስታውሳላችሁ። ኤልተም፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1993 በፈረንጆቹ። የ18 ዓመት ልጅ። አውቶቡስ ሲጠብቅ ነጭ ወጣቶች በጩቤ ገደሉት። ፖሊስ ነገሩን አበላሸው። በ1999 የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት የለንደን ፖሊስ በተቋም ደረጃ ዘረኝነት አለበት ብሎ ጻፈ። ገዳዮች ተብለው ሁለት ሰዎች የተፈረደባቸው ገና በ2012 ነው። 19 ዓመት ቆይቶ! ብላክማን ያን መጽሐፍ እንድትጽፍ የገፋት የዚያ ጉዳይ ንዴት እንደነበር ተናግራለች። ከዚያ በፊት በጻፈቻቸው መጻሕፍት የዘርን ነገር ፊት ለፊት አላነሳችም ነበር።

እሺ። አንደኛው ነገር አለቀ። አላለቀም እንጂ፣ እንለፈው።

ሁለተኛው ፕላስተር ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ መንግሥት በውጭ ጫና ጥቂት ኖውቶችን ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ይፈቅዳል። ሴፊ ያለችበት ትምህርት ቤት አራት ይገባሉ። ካለም አንዱ ነው። በር ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ይጮህባቸዋል። ይህም ከሰማይ አልወረደም። በ1957 አሜሪካ፣ አርካንሶ፣ ሊትል ሮክ ላይ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲገቡ እንዲሁ ነበር። ወታደር አጅቦ ነው ያስገባቸው። ፎቶውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከኋላዋ የሚጮኹባት መነጽር ያደረገች ልጅ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ስትሄድ።

ከአራቱ አንዷ ግንባሯ ላይ ቆስላለች። ፕላስተር ለጥፋለች። ሴፊ ምሳ ላይ አጠገቧ ትቀመጥና ታያታለች። ፕላስተሩ ጥቁር ቡናማ ነው። በዚያ ነጭ ግንባር ላይ ጎልቶ ይታያል፣ አፍጥጦ። ልጅቷ "ሮዝ አይሸጡም፣ ያለው ቡናማ ብቻ ነው" ትላለች። ሴፊ ይህን በዕድሜዋ አስባው አታውቅም። ለምን ታስበዋለች? እሷ ስትቆስል ፕላስተሩ አይታይማ!

እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሄጄ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኔን ከፈትኩ።

ስንት ዓመት ነው ያቺን ሳጥን ይዤ የምሮጠው? የሶማሌ ልጅ፣ የናይጄሪያ ልጅ፣ የእኛ ልጅ፣ የባንግላዴሽ ልጅ። ጉልበታቸው ላይ ያንን ሐመር ቀለም ፕላስተር እለጥፋለሁ። ማሸጊያው ላይ "የቆዳ ቀለም" ይላል። የማን ቆዳ? እኔ ራሴ ጥቁር ነኝ! እጄን ስቆረጥ እሱኑ ነው የምለጥፈው። አንድም ቀን "ይሄ የኔ ቀለም አይደለም" ብዬ አላውቅም። አያችሁ? እኔ ከታችኛው ወገን ሆኜ እንኳ አላየሁትም። ሲለመድ ማንም አያየውም።

ፋሻው ያለው ዓይነት ፕላስተር አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው በ1920 ነው። እዚህ አገር ቴስኮ ለተለያየ የቆዳ ቀለም የሚሆን ፕላስተር መደርደሪያ ላይ ያወጣው በየካቲት 2020 ነው። ከእንግሊዝ ሱፐርማርኬቶች የመጀመሪያው እሱ ነበር። ሒሳቡን ሥሩት። መቶ ዓመት። የመጽሐፏ ፕላስተር ከተጻፈ 19 ዓመት። በወሩ ደግሞ ቢቢሲ መጽሐፉን በተከታታይ ፊልም አሳየው። ፊልሙን የወደዳችሁ አላችሁ፤ እኔ መጽሐፉን እመርጣለሁ። ፊልም ላይ ቀለሙን ወዲያው ታዩታላችሁ። መጽሐፉ ላይ ግን ማን ጥቁር ማን ነጭ እንደሆነ ወዲያው አይነገራችሁም። ሳታውቁት ለአንዱ ስታዝኑ ቆይታችሁ ነው የሚገለጥላችሁ።

አሁን ስለ ሴፊ አንድ ነገር ልበል። ሴፊ ጥሩ ልጅ ናት። ካለምን ትወደዋለች። በመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲጮህ ለማን ትቆማለች? ለካለም። ወጥታ በሕዝቡ ላይ ትጮሃለች። "እንደ እንስሳ ሆናችኋል" ትላለች። ከእንስሳም የባሰ ልትል ፈልጋ፣ ከአፏ ምን ይወጣል? ኖውቶች የሚሰደቡበት ቃል! በቀጥታ ሲተረጎም "ባዶዎች" እንደማለት ነው። "እንደ ባዶዎች ሆናችኋል" አለች። ካለም እዚያው ቆሞ ይሰማል። ልትከላከልለት ወጥታ ሰደበችው። ክፋት የለባትም። ቃሉ ቤቷ ውስጥ ያደገ ቃል ነው።

እኛስ ቤት ምን ቃል አድጓል? አሁን አትዩኝ እንዲህ። ታውቃላችሁ። ብረት የሚቀጠቅጠውን ምን እንደምንለው፣ ሸክላ የምትሠራዋን ምን እንደምንላት ታውቃላችሁ። አፄ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም። አያቴ ያኔ ልጅ ወልዳለች። ግን ጠቆር ያለ ሰው ሲያልፍ የሚንሾካሾኳት ቃል አዋጁን ሰምታለች? አልሰማችም። ለንደን ድረስ መጥታለች። ባለፈው ሠርግ ላይ ከኋላዬ ሰምቻታለሁ።

ወደ ሌላ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ፤ አጭር ነው፣ ቡናው ገና ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ የተወለደ ደራሲ አለ፣ አብዱራህማን ዋበሪ። በፈረንሳይኛ ነው የሚጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2006 "በአፍሪካ የተባበሩት ግዛቶች" የሚል ልብ ወለድ አወጣ። እሱም ዓለምን ይገለብጣል። አፍሪካ ባለጸጋ ናት። አውሮፓና አሜሪካ በርሃብና በጦርነት የተጎዱ ናቸው። ስደተኛው ነጭ ነው። እና የዚያች ባለጸጋ አፍሪካ ዋና ከተማ ማን ትመስላችኋለች? አስመራ! አዎ፣ አስመራ። እዚያ ማክዶናልድ የለም፣ ማክዲዮፕ ነው ያለው። (ሳቅ) መጽሐፉ ሲጀምር ግን የሚያስቅ አይደለም። አንድ ስዊዘርላንዳዊ አናጺ አለ። ከዙሪክ የተሰደደ። በስደተኞች መጠለያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደክሞት ተቀምጧል። ተራኪው "ያኩባ እንበለው" ይላል። ለምን? አንደኛ ማንነቱን ለመደበቅ፤ ሁለተኛ የቤተሰቡ ስም ለአፍ አይመችም!

ይህን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለምን በሉኝ። እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አለቃዬ ስሜን ሦስት ጊዜ ሞከረው። አቃተው። "ማሪ ብልሽ ቅር ይልሻል?" አለኝ። ስሜን ታውቁታላችሁ፤ ከማሪ ጋር አንድ ፊደል አይጋራም። "ቅር አይለኝም" አልኩ። ሁለት ዓመት ማሪ ሆኜ ሠራሁ። የደሞዝ ወረቀቴ ላይ የኔ ስም፣ ሰው አፍ ላይ ማሪ። ስንቶቻችሁ ናችሁ እዚህ ሌላ ስም ያላችሁ? እስቲ እጅ። እህ! ተመልከቱ፣ ግማሽ አዳራሽ! እና ያመናል፣ አይደል? ያመናል። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

እንግዲህ ሦስተኛው ደረሰ።

አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ሀብታሞች አልነበርንም። ግን ሠራተኛ ነበረችን። ያኔ ገረድ ነበር የሚባለው፤ ዛሬ ቃሉ ይከብደኛል። እሷ ስትመጣ እኔ አምስት ዓመቴ ነው። እሷ ምናልባት አሥራ አራት። ዘመድ ከገጠር አመጣት። ፌስታል ይዛ በር ላይ ቆማ ትዝ ትለኛለች። እናቴ "ማን ትባያለሽ?" አለቻት። ስሟን ነገረቻት። ስሟ ከአክስቴ ስም ጋር አንድ ሆነ። አክስቴ ደግሞ እኛ ጋ ነበረች የምትኖረው። "ኧረ ይሄማ አይሆንም" ተባለ። እናቴ እዚያው በር ላይ ሌላ ስም አወጣችላት። በቃ። "ቅር ይልሻል?" ብሎ እንኳ የጠየቃት የለም። እኔን አለቃዬ ቢያንስ ጠይቆኛል።

የራሷ ሳህን ነበራት። ጠርዙ የተላጠ የብረት ሳህን። የራሷ ኩባያም ነበራት፤ ከኩሽናው በር አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀላል። አንድ ቀን ጠምቶኝ በዚያ ኩባያ ስጠጣ እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። "የሷ ነው!" አለችኝ። እኔ በሽታ ያለባት መሰለኝ። በዚያው በሽታ ባለበት እጅ ግን እንጀራችንን ትጋግር ነበር። ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር።

"አንቺ" ነበር የምላት። የጎረቤታችን ልጅ በስምንት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። "እትዬ" ካላልኳት እቆነጠጥ ነበር። እሷ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። በእሷ ማንም ቆንጥጦኝ አያውቅም። እሷ ግን እናቴን "እትዬ"፣ አባቴን "ጋሼ"፣ እኔን "ሚጣዬ" ትላለች። ማታ እራት በልተን ስንጨርስ ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተረፈውን ትበላለች። በሩ ገርበብ ይላል። ከሳሎን መብራት ቀጭን ብርሃን ይገባላታል። እኔ አንዳንዴ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ተረት ትነግረኛለች። ጓደኛዬ ናት ብዬ አስብ ነበር። ሴፊም ካለምን ጓደኛዬ ነው ብላ ነበር የምታስበው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለችም። "ሄደች" ተባልኩ። ለምን ሄደች? ማን አባረራት? ዛሬም አላውቅም። አለቀስኩ። ግን ለምን እንዳለቀስኩ አስታውሳለሁ። በነጋታው ማን ፀጉሬን ይሠራኛል ብዬ ነው።

ለንደን ስመጣ ካለም ሆንኩ። ወረፋ ላይ ካለም፣ ሥራ ቦታ ካለም፣ ባቡር ላይ ካለም። መጽሐፉንም ያነበብኩት በካለም ወገን ሆኜ ነው። ግማሹን ያህል! በየገጹ "አዎ፣ ልክ ነው፣ እንዲህ ነው የሚያደርጉን" እያልኩ። ከዚያ ሜጊ፣ የካለም እናት፣ በዚያ ትልቅ ቤት ኩሽና ውስጥ ትታየኝ ጀመር። የብረት ሳህን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ ግን አየሁት። ሳህኑን ሳየው መጽሐፉን በየትኛው ወገን ይዤ እንደተቀመጥኩ ጠፋኝ።

ልጄን ጠርቼ ነገርኳት። ሁሉንም። ስሙን፣ ሳህኑን፣ ኩባያውን። ዝም ብላ ሰማችኝና "እና እውነተኛ ስሟ ማን ነበር?" አለችኝ።

አላውቀውም ነበር። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል። ስሟን አላውቀውም።

አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። እሷ ከዓመታት በፊት መርካቶ አግኝታት ስልኳን ተቀብላ ነበር። "ቆይ ልላክልሽ" አለችኝ። በዋትስአፕ መጣልኝ። ከቁጥሩ በላይ ስም ተጽፏል። የአክስቴ ስም። እርግጥ ነው፣ የአክስቴ ስም ነው የሚሆነው። ግን እስክሪኑ ላይ የእሷ ሆኖ ሳየው የማላውቀው ሰው ስም መሰለኝ። ስሙን እዚህ አልጠራውም። ሳላስፈቅዳት በሷ ስም አንድ ጊዜ ተጫውተንበታል፣ ይበቃናል።

እሺ፣ ጨረስኩ መሰለኝ። ጥያቄ ካለ። አቤት ጋሼ? ድምፅ ማጉያውን ስጧቸው።

(ከአዳራሹ አንድ አባት "ልጄ፣ ደወልሽላት ወይ?" ሲሉ ጠየቁ።)

ደውያለሁ ጋሼ። ሳምንት ሙሉ ስልኩን እያየሁ ቆይቼ እሑድ ጠዋት ደወልኩ። አነሳችው። በስሟ ጠራኋት። በእውነተኛው። "አቤት፣ ማን ልበል?" አለች። ድምፅዋ ትልቅ ሴት ሆኗል። "ከለንደን ነው" አልኳት። "ለንደን ሰው የለኝም እኮ እህቴ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን" አለችኝ። ከኋላዋ ልጅ ሲጫወት ይሰማል። ስሜን ነገርኳት። አላወቀችውም፤ ለካ እሷም የኔን ስም አታውቀውም፤ ሚጣ ነበርኩ። የሰፈሩን ስም ነገርኳት። "ብዙ ሰፈር ሠርቻለሁ" አለች። ልትዘጋው ነው። ምን ልበል? ሌላ መንገድ አጣሁ። ያንን ስም ጠራሁት ጋሼ። እናቴ በር ላይ ያወጣችውን።

"ውይ! ሚጣዬ?" አለችኝ።

ቡናው ተቀድቷል። ኑ፣ እንጠጣ።